የእናታችሁን ድሪ አታቅልጡት፦ ለሙት ዓመት የሚሆን የአንገት ጌጥ አሠራር

እናት ስትሞት ጌጧን መጀመሪያ ላይ ማንም አይነካውም። ለቅሶው አለ፣ ሠልስቱ አለ፣ የሚገባ የሚወጣው እንግዳ አለ። ሰማንያው ካለፈ በኋላ ግን አንዱ ልጅ ሙዳዩን ይከፍትና "ይሄ እንዴት ይሁን?" ይላል። መልሱ ብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነው። ወርቅ ቤት ይወሰዳል፣ ይቀልጣል፣ ለሴቶቹ ልጆች አንድ አንድ ቀለበት ይወጣዋል። ወንዶቹ "እኛ ምን እናደርገዋለን" ብለው ይተዉታል።

ወርቁን እንዳሻችሁ አድርጉት። ወርቅ በግራም ይመዘናል፣ በግራም ይካፈላል። እኔ የምለምናችሁ ስለ ብሩና ስለ ዶቃው ነው። ጠገራ ብር የተንጠለጠለበት፣ የብር ዶቃና የመስታወት ዶቃ የተደረደረበት የድሮ ድሪ ካላችሁ አታቅልጡት። ሳይቀልጥም መካፈል ይቻላል። ክሩ ይፈታል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ የአንገት ጌጥ ይሠራለታል። እሳት አይፈልግም፣ ብየዳ አይፈልግም። ክር፣ መርፌ፣ ጧፍና አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ ከዶቃና ከክር ጌጥ እየሠራሁ እኖራለሁ። ይህን አሠራር ለእናቴ ሙት ዓመት ከእህት ወንድሞቼ ጋር ሠርተንበታል። ከዚያ ወዲህ የጎረቤትም የዘመድም ድሪ በእጄ አልፏል። በእኛ ቤት ሐዘን ላይ ያለች ሴት ጌጥ አታደርግም። ጉትቻዋን ታወልቃለች፣ ከል ትለብሳለች፣ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ትከናነባለች። በሙት ዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሉ ሲወልቅ ጌጡ ወደ አንገት ይመለሳል። የምንሠራው ለዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ሥራውን ከሙት ዓመቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩት። በድግሱ ዋዜማ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ የሚሠራ አይደለም።

ሳይፈታ በፊት

ልጆቹ በሙሉ ባሉበት ተቀመጡ። አንድ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ አክስት፣ የእናት የልጅነት ጓደኛ፣ ማንም የሚያስታውስ። ሰፌድ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉና ድሪውን ዘርጉት። መጀመሪያ ፎቶ አንሱት፤ ከፊትም ከኋላም። እናታችሁ ወይ አያታችሁ ዶቃውን የደረደሩበት ምክንያት ይኖራቸዋል። ክሩ ከተቆረጠ በኋላ ያንን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ከዚያ ደብተር አውጡና አንድ በአንድ ጻፉ። ይሄ ከየት መጣ? ማን ሰጣት? መቼ ታደርገው ነበር? በእናቴ ድሪ ላይ ከሌሎቹ ጋር የማትሄድ አንዲት ቀይ የመስታወት ዶቃ ነበረች። ሌላው ሁሉ ብርና ቢጫ ሆኖ እሷ ብቻ ቀይ። ወንድሜ "ይቺ ተሰብራ የተተካች መሆን አለባት፣ እናውጣት" ሲል አክስቴ እጁን ያዘችው። "እሷማ የኔ ናት። እናታችሁ ስትዳር ከገዛ አንገቴ አውጥቼ የሰጠኋት" አለች። አሁን ያቺ ዶቃ ታላቅ እህቴ አንገት ላይ፣ መሃል ላይ ነው ያለችው። ደብተሩ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነው። ዶቃ ስሙ ላዩ ላይ አይጻፍበትም።

አከፋፈሉን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዋና ነገር ይድረሰው፤ ለአንዱ ጠገራው፣ ለአንዱ መስቀሉ፣ ለአንዱ ቀለበቱ። ዶቃው ደግሞ ለሁሉም ይበተን። መምረጥ ከታናሹ ይጀምር። ታላቆቹ ከእናታቸው ጋር ብዙ ዘመን ኖረዋል። ሚዛን አታምጡ። የብር ሚዛን ሰፌዱ አጠገብ የተቀመጠ ቀን ጨዋታው ወደ ገንዘብ ይዞራል፣ ከዚያ በኋላ ቅያሜ ነው።

ጠገራ ብሩ

ስለ እሱ ትንሽ ላውራችሁ፤ ለዚህ ሥራ ከእሱ የሚስማማ ነገር አላውቅም።

ብሩ ላይ ያለችው ሴት ማርያ ትሬዛ ናት፤ የኦስትሪያዋ ገዥ። ባሏ በ1765 ሞተ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ጥቁር አላወለቀችም። ብሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከራሷ ላይ ወደ ኋላ የወረደ መከናነቢያ አለ። ባል የሞተባት ሴት መከናነቢያ ነው። በጀርባው ያለው 1780 ደግሞ ራሷ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሩ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር፣ በብዙ ከተማ ተመትቷል፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን አልተለወጠም። አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው፣ ሲተርፋቸውም አንጥረኛ ዘንድ ወስደው መስቀልና አምባር ያሠሩበት የነበረው ይህ ብር ነው። እናም ሐዘንተኛ ሴት የተሣለችበት ብር ነው በእናቶቻችን ደረት ላይ ሲንጠለጠል የኖረው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጠገራ ሲቀልጥ ማየት አልችልም።

እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ የሚከተለውን እዩ። ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ ነው። ስፋቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ማግኔት አይስበውም። ጠርዙን በጣታችሁ ስትዳስሱት ከፍ ከፍ ያሉ ፊደላት ይነካችኋል፤ ተመሳስሎ የተሠራው ብዙ ጊዜ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ወይም ፊደሉ የደበዘዘ ነው። በአንገት ላይ ብዙ የኖረ ግን በመፋተግ ሊሳሳና ጥቂት ክብደት ሊቀንስ ይችላል፣ በዚያ አትደናገጡ። ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነም የዚያን ያህል ይጨምራል።

ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ቢገኝስ? ምንም አይደል። እናታችሁ አድርጋዋለች፣ በቃ። ቦታው አይለወጥም።

ማንጠልጠያው ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ። ክሩ የሚያልፍበትን የውስጥ ላይኛ ክፍል በብርሃን እዩት። ብር ለስላሳ ስለሆነ ክር እየፈተገ ይበላዋል። እንደ ወረቀት ከሳሳ ጠገራውን አንድ ቀን መንገድ ላይ ታጡታላችሁ። ከመሳሳቱ የተነሣ የሚያሰጋ ከሆነ፣ ወይም ከነጭራሹ ማንጠልጠያ ከሌለው፣ አንጥረኛ ዘንድ ውሰዱት። ብሩ እንዳይበሳ፣ በላዩም ላይ እንዳይበየድ፣ ዙሪያውን የሚይዝ የብር ክፈፍ እንዲሠራለት ንገሩት። ማንጠልጠያው ክፈፉ ላይ ይበየዳል፣ ብሩ ውስጥ ይቀመጣል። "መብሳት ይቀላል" ይላችኋል። ይቀላል፤ እናንተ ግን እምቢ በሉ።

ማጽዳት

በአጭሩ፣ አታብዙት። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ለአብዛኛው ይበቃል። ብሩ በጣም ከጠቆረ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ብሩን ፎይሉን እንዲነካ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ የፈላ ውሃ አፍሱ። ብርን የሚያጠቁረው አየር ውስጥ ያለው ድኝ ነው፤ በዚህ መንገድ ድኙ ብሩን ለቆ ወደ ፎይሉ ይሄዳል። ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ አለቅልቃችሁ በጥጥ ጨርቅ አድርቁት። በየቅርጹ ስንጥቅ ውስጥ ያለውን ጥቁረት ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ምስሉ ጎልቶ የሚታየው በእሱ ነው። የጥርስ ሳሙና አታድርጉ፣ ይጭረዋል።

ቢጫዎቹን ዶቃዎች እዚያ ውሃ ውስጥ እንዳትከቷቸው፤ አምበር፣ ማለትም ደርቆ ድንጋይ የመሰለ የዛፍ ሙጫ፣ ሊሆኑ ይችላሉ። አምበር ሙቀትና አልኮል አይወድም፤ ሽቶም ያበላሸዋል። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። አምበር መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ከፈለጋችሁ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ጨው እስከማይሟሟ ድረስ ጨምሩና ዶቃውን ጣሉት። ከሰጠመ አምበር አይደለም። ከተንሳፈፈ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋልና ተንሳፈፈ ብላችሁ አትማሉ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ክሩ

ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ክሩን ሱቅ ሄዳችሁ አትግዙ። ዓመቱን ሙሉ የተከናነባችሁት ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አለ አይደል? ከእሱ አውጡት።

ነጠላው ገና እየተለበሰ ስለሆነ ከአንዱ ጫፍ ብቻ ነው የምንወስደው። ጥለቱ ካለቀበት ትንሽ ከፍ ብላችሁ በመቀስ ቁረጡ። ከተቆረጠው በኩል በመርፌ ጫፍ አንዱን ጥቁር ክር ከፍ አድርጉትና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክሮች ያስቸግራሉ፣ ከዚያ በኋላ እሺ ብለው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክር የነጠላውን ወርድ ያህል ርዝመት ይኖረዋል። ለአንድ ሰው ሁለት እቅፍ፣ ማለትም አንድ ላይ የተያዘ የክር ጥቅል፣ ያስፈልጋችኋል፣ ለግራና ለቀኝ። አንዱ እቅፍ ተይዞ ሲጠመዘዝ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ሌላ ሴት ሐዘንተኛ ካለች ከእሷም ነጠላ ጨምሩበት። የእኔና የእህቶቼ አንድ ላይ ነው የተገመደው።

ክሩን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉት። ውሃው ጥቁር ይሆናል። ጠርቶ እስኪቀር ድረስ ውሃውን ቀይሩ። ይህን ከዘለላችሁት በሙት ዓመቱ ነጩን ቀሚስ አንገቱ ላይ ያጠቁርባችኋል። ከዚያ ጥላ ሥር አድርቁት።

የነጠላ ክር ብቻውን ጠገራ አይሸከምም። ውስጡ የሚሄድ ጠንካራ ክር ይፈልጋል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ናይለን ክር ጥሩ ነው፣ አይበጠስም። 2 ሜትር ከግማሽ ቁረጡና እጥፍ አድርጉት። ከዚያ ጧፍ ያዙ፤ ከአርባው ወይም ከሰማንያው የተረፈ ግማሽ ጧፍ በየቤቱ አይጠፋም። ክሩን ጧፉ ላይ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ። ጣታችሁ ሥር ክሩ ሲንሸራተት መጀመሪያ ይንሿሿል፣ ሰሙ ሲይዘው ድምፁ ይጠፋል። ያኔ በቃው። ሰም የያዘ ክር አይተረተርም፣ ቋጠሮውም አይላላም፣ መርፌ ሳያስፈልገው በዶቃ ውስጥ ያልፋል። ንጹሕ የንብ ሰም የሆነ ጧፍ ማር ማር ይሸታል። እንዲያ የማይሸት ፓራፊን ነው፤ እሱ ይሰነጣጠቃል፣ ሌላ ፈልጉ።

አደራደር

የኔን ልንገራችሁ፤ እናንተ እንደ ቤታችሁ አድርጉት። መሃል ላይ ዋናው ነገር ይሆናል፤ ጠገራው ወይ መስቀሉ። ከእሱ ግራና ቀኝ 3 ዶቃ። ቀጥሎ 7። ቀጥሎ 12። ሠልስቱ፣ ሰባቱና አሥራ ሁለቱ ፍትሐት የሚደረግባቸው ቀኖች ናቸው። ከዚያ ያሉትን፣ ሠላሳውን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ከነጠላው ክር ለሚሠራው ጉንጉን ትቼዋለሁ፤ ያን ሁሉ ዶቃ አንገት አይችለውም። ስለዚህ በአንድ ጎን 22፣ በጠቅላላው 44 ዶቃ ነው። ወፍራም የብር ዶቃ ከሆነ 12ቱን ተዉትና በ3 እና በ7 ጨርሱ። ለልጆቹ ሁሉ የማይዳረስ ከሆነ በ3 ብቻም ያምራል።

እኛ ወሎዬዎች ቤተሰባችን ቅይጥ ነው። ለሙስሊም ዘመዶቼ ከአያታቸው ዶቃ ስሠራ እንደ ሙስበሓው፣ እንደ ጸሎት መቁጠሪያቸው፣ 33 አድርጌላቸዋለሁ። ሐዘኑ ሌላ፣ ቁጥሩ ሌላ ነው፤ ድሪው ግን ያው የአንድ ገበያ ድሪ ነው።

አንድ ነገር ላስታውስ። ይህ ክታብ አይደለም፣ በፍትሐትና በዝክር ፈንታም የሚደረግ አይደለም። አንዳንድ አባት አይተው ይጠይቃሉ። የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ ብታሳዩአቸው ደስ ይላቸዋል።

መሰካትና መቋጠር

ዋናውን ነገር እጥፍ የሆነው የናይለን ክር መሃል ላይ አድርጉ። በግራውም በቀኙም ጠጋ አድርጋችሁ አንድ አንድ ቋጠሮ ቋጥሩ፣ እንዳይንሸራተት። 3 ዶቃ ስኩ፣ ቋጥሩ። 7 ስኩ፣ ቋጥሩ። 12 ስኩ፣ ቋጥሩ። በሁለቱም ጎን ስምንት ቋጠሮ ይሆናል።

ቋጠሮውን ለአንድ ሰው አትተዉት። ልጅ ይቋጥር፣ የልጅ ልጅ ይቋጥር፣ የቆየች የቤት ሠራተኛ ካለች እሷም ትቋጥር፣ ጎረቤትም። ሥራው ቀላል ነው። ክሩን ላላ አድርጎ አንድ ጊዜ ማዞርና ጫፉን በቀለበቱ ማውጣት ነው። ጥበቡ ያለው ማጥበቁ ላይ ነው። ቀለበቱ ገና ላላ እያለ ወስፌ ወይም ወፍራም መርፌ ውስጡ ክተቱ። በመርፌው ጫፍ ቀለበቱን እየገፋችሁ ወደ ዶቃው አስጠጉት። ዶቃውን ሲነካ መርፌውን በአንድ እጅ፣ ክሩን በሌላው ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ በመጨረሻ መርፌውን አውጡ። እንዲህ ካልሆነ ቋጠሮው ከዶቃው ርቆ ይጠብቅና መሃሉ ላይ ባዶ ክር ይታያል። የድሮ ብር ዶቃ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቋጠሮው ሊያልፍበት ይችላል። ያን ጊዜ ከቋጠሮው በፊት አንድ ትንሽ ጨሌ አስገቡ።

የመጨረሻው ቋጠሮ ጋ ስትደርሱ አንዱን የነጠላ ክር እቅፍ ወገቡ ላይ በናይለኑ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ኋላ ይወርዳሉ። ናይለኑን ጨምራችሁ ለሦስት ክፈሉትና እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት። ናይለኑ ከነጠላው ክር ጋር ተሸፍኖ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ የሚሸከመው እሱ ነው፣ የሚታየው ጥቁሩ ነው። ጉንጉኑ ሃያ፣ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲሆን ቋጥሩት። ጫፉን አራት ጣት ያህል ዘርፍ አድርጋችሁ ተዉትና ናይለኑን ብቻ ቆርጣችሁ በክብሪት ጫፉን ነካ አድርጉት፤ ክሩ ሰም ስለያዘ ከጥለቱ አርቃችሁ።

መዝጊያ ብረት አልወድም። ከኋላ ማሰር በቂ ነው፣ እናቶቻችንም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ጣታቸው እሺ ለማይላቸው ትልልቅ ሰዎች ግን በአንዱ ጫፍ ወፍራም ዶቃ፣ በሌላው ጫፍ ያ ዶቃ ተገፍቶ የሚያልፍበት የክር ቀለበት ሥሩላቸው። ለአክስቴ እንዲያ ነው ያደረግኩት።

ለወንዶቹ፣ ለልጆቹ፣ ለሩቁ ሰው

ወንዶች ድሪ አያደርጉም ተብሎ መታለፍ የለባቸውም። ለወንድሜ ጉንጉኑን ብቻ እንደ ማተብ ሠራንለት፣ አንድ የብር ዶቃ መሃሉ ላይ። በሸሚዝ ውስጥ ነው የሚያደርገው፣ ማንም አያይበትም።

ሕፃናት አንገት ላይ ምንም አትሰሩ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ዶቃ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ክሩም ያንቃል። ድርሻውን በስሙ አስቀምጡለት።

ውጭ አገር ያለ ልጅ ካለ ቋጠሮው እንዳያመልጠው አስቡበት። ታናሽ እህቴ ቨርጂኒያ ናት፣ ለሙት ዓመቱ መምጣት አልቻለችም። የእሷን አንዱን ጎን ሳንቋጥር በወረቀት ጠቅልለን፣ ጧፍና ክር ጨምረን በሰው እጅ ላክንላት። እዚያ በቤተ ክርስቲያኗ ዝክሩን ባደረገች ቀን ራሷ ጨረሰችው። ስትልኩ ግን ተጠንቀቁ። ያረጀ የብር መስቀልና የመሰለው በቅርስነት ሊያዝ ይችላል፤ ቅርስ ደግሞ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ኤርፖርት ላይ ከመያዙ በፊት ቅርስ ባለሥልጣን ወስዳችሁ አሳዩና ወረቀት ያዙ። አዲስ የተሠራውን ክርና የመስታወት ዶቃ የሚጠይቃችሁ የለም።

የተረፈውን ዶቃ፣ የጥለቱን ትራፊና ደብተሩን አንድ ሙዳይ ውስጥ አስቀምጡ። የጥጥ ክር ላብና ፀሐይ ይበላዋል፣ ጉንጉኑ ከጥቂት ዓመት በኋላ መታደሱ አይቀርም። እኛ ለሰባት ዓመቱ ተዝካር ሁላችንም ይዘን መጥተን ልናድሰው ተነጋግረናል። ያኔ ዛሬ ለመቋጠር ያልደረሱት ልጆች ይደርሳሉ።